ልጄን ክፍል ውስጥ ከማንበብ ያስቀሩልኝ ልበል ወይስ አልበል?

የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። የ9 ዓመት ልጅ አለኝ፤ 3ኛ ክፍል ነው። ይንተባተባል። የጀመረው 4 ዓመት ሳይሞላው ሲሆን መጀመሪያ ላይ የቃሉን መነሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ያልፍ ነበር። አሁን ግን ድምፁ ጭራሹን ይታገታል። አፉ የቃሉን ቅርጽ ይይዛል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል፣ ቀኝ እግሩ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል፤ ቃሉ ግን የለም። ከዚያ በድንገት ይፈታለትና የቀረውን እንደ ምንጭ ውሃ ያወርደዋል።

ባለፈው ሳምንት መምህሩ አስጠሩኝ። ስም ሲጠራ ልጄ «አቤት» ማለት እያቃተው፣ ተማሪውም እየሳቀበት ዝም ማለት ጀምሯል። በዚህ የተነሳ ሁለት ቀን ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቀሪ ተብሎ ተመዝግቧል። መምህሩ ይህን ሲያውቁ ደንግጠዋል፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከእንግዲህ በስም ጥሪም ሆነ ተራ በተራ በሚነበብበት ሰዓት ልዝለለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። እናቱ ግን ዛሬ የተዘለለ ነገም ይዘለላል ብላ አጥብቃ ተቃወመች። ሦስት ቀን ተከራክረን አልተግባባንም።

የምትንተባተቡ፣ ልጃችሁ የሚንተባተብ ወይም የምታስተምሩ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ይዝለሉት ልበል ወይስ አልበል?

(ይህ የጥያቄና መልስ ክር ስለረዘመ አዲስ ለሚመጡ አንባቢዎች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። ያሳጠርኩት አለ፤ በረጅሙ የጻፍኩት ልቤን የነካውን ነው።)

መልስ 1። ዕድሜያቸው ወደ 40 የሚጠጋ የባሕር ዳር ነዋሪ በትሕትና ሰላምታ ጀምረው ይዝለሉት ብለዋል። ምክንያታቸው የራሳቸው ትዝታ ነው። በተማሪነታቸው አንቀጽ በአንቀጽ ተራ በተራ ይነበብ ነበር። ከፊታቸው ያሉትን ተማሪዎች ቆጥረው የሚደርሳቸውን አንቀጽ ያገኙና እሱን ብቻ በሆዳቸው ሲለማመዱ ይቆያሉ፤ ሌላው ያነበበው አንድም ነገር ጆሯቸው አይገባም። ሦስት ሰው ሲቀር ሽንት ቤት ብለው ይወጣሉ። እስከ 8ኛ ክፍል የኖሩት እንዲህ ነው። ልጄን ከዚህ እንዳድነው ለምነውኛል።

መልስ 2። ከሞጣ የጻፉ እናት አይጨነቁ ብለዋል። የእሳቸው ልጅ 3 ዓመቱ ላይ ጀምሮት 5 ዓመት ሲሞላው ማንም ሳይነካው ትቶታል። ጊዜ ይፈታዋል፣ ታገሡ ባይ ናቸው።

መልስ 3። አንድ ካህን ጸበል እንድወስደው መከሩኝ፤ ሙሴም ተብታባ እንደነበርና እግዚአብሔር ግን ለታላቅ ሥራ እንደመረጠው አስታወሱኝ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ መሆኑን ከአጻጻፋቸው አይቻለሁ። እኛም ወስደነው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ልጄ ከጸበሉ ሲመለስ ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው ብሎ እናቱን ጠየቃት። ጸሎቱን አላቆምንም፤ ልጁን ይዘን መንከራተቱን ግን ተውን።

መልስ 4። የአማርኛ መምህር መሆናቸውን የገለጹ ሰው ለቁጥር 3 እርማት ሰጡ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ሙሴ ስለ አፉ የተናገረበት ቃል ኮልታፋ የሚል እንጂ ተብታባ የሚል አይደለም። ኮልታፋ ፊደሉን የሚያጣምም ነው፤ ተብታባ ግን ፊደሉን አያጣምምም፣ ቃሉ ይያዝበታል እንጂ። ሁለቱን የምንቀላቅል ሰዎች በልጆቹ ላይ ስም እያሳሳትን እንለጥፋለን ብለዋል። ቀጥለውም እግዚአብሔር ሙሴን ምላሱን አልቀየረለትም፣ ወንድሙን አሮንን ሰጠው እንጂ ሲሉ ጽፈዋል። ይህች የአሮን ነገር ኋላ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

መልስ 5። አንድ ሙስሊም ወንድም፣ ራሱ የሚንተባተብ፣ በቁርኣንም በሱረቱ ጣሃ ከ25ኛው እስከ 28ኛው አንቀጽ ሙሳ ደረቱ እንዲሰፋለትና ከምላሱ ላይ ያለው ቋጠሮ እንዲፈታለት የለመነበት ዱዓ እንዳለ አስታወሰ። ቋጠሮ የሚለው ቃል እሱ ጉሮሮው ላይ የሚሰማውን ነገር ልክ እንደሚገልጸው፣ ይህን ዱዓ ስልክ ከማንሳቱ በፊት በልቡ እንደሚለው ጻፈ። ከዚያ በላይ ምንም አልጨመረም።

መልስ 6። በፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚሠሩ የጤና ባለሙያ የክሩን ረጅሙን መልስ ጻፉ፤ እሳቸውም ሴት ናቸው። በመጀመሪያ ለሞጣዋ እናት መለሱ። ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ በልጅነታቸው አንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት ይተዋቸዋል፤ በአዋቂነት የሚቀረው ከ100 ሰው 1 ገደማ ነው። ስለዚህ ቁጥር 2 ያዩት እውነት ነው። ነገር ግን 9 ዓመት ሞልቶት አምስቱን ዓመት ሲንተባተብ የኖረን ልጅ ዛሬ ነገ ይተወዋል እያሉ መጠበቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው እየተንተባተበም ቢሆን የሚናገርበት ቤትና ክፍል ነው።

ምክንያቱንም አስረዱ። በአእምሮ ውስጥ ንግግርን የሚያቀናጀው ሥርዓት ከሌላው ሰው የተለየ በመሆኑ የሚመጣ ነው፤ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ በአዋቂዎች መካከል ለአንዲት ሴት አራት ያህል ወንዶች ይገኛሉ። በቤተሰብም ይወርዳል፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2010 ተመራማሪዎች ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ የዘረ መል ለውጦችን አግኝተዋል። ድንጋጤ አይደለም፣ የእናት ጥፋት አይደለም፣ የአእምሮ ድክመትም አይደለም። የምላሱን ሥር ማስቆረጥ ለሚያስቡ ደግሞ በ1841 ዲፈንባክ የተባለ ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሚንተባተቡ ሰዎችን ምላስ እየቆረጠ ለማዳን ሞክሮ እንደነበር፣ ያተረፈው ደምና ሥቃይ ብቻ መሆኑን ነገሩን። ችግሩ ምላሱ ላይ ስላልሆነ ምላሱን መቁረጥ ልጁን ከመጉዳት ያለፈ ምንም አይሠራም።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ ለሚለው የሰጡት ምክር ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት፣ ከባድ ነው። ቀስ በል፣ ተረጋጋ፣ ትንፋሽ ውሰድ አትበሉት። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁ። ቃሉን አትጨርሱለት። እናንተ ራሳችሁ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። በቀን ጥቂት ደቂቃ ሌላ ሰው ሳይኖር ከእሱ ጋር ብቻ ተጫወቱ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በእኛ አካባቢ ማግኘት ከባድ መሆኑን፣ አቅም ያለው ወላጅ ግን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ ቢሄድ የሚቆጭ እንዳልሆነ ጨመሩ። በመጨረሻ ከቤተሰብዎ የሚንተባተብ ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያን ዕለት አልመለስኩም።

መልስ 7። ከእንጅባራ የጻፈ ወጣት አባት ሌላ ጥያቄ ይዞ ገባ። ልጁ መንተባተብ ሲጀምር ሁለት ቋንቋ ነው ያደናገረው ተብሎ ስለተነገረው ቤት ውስጥ አገውኛ መናገር ከልክሏል። አያትየው አማርኛ አትችልም። አሁን አያትና የልጅ ልጅ አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ዝም ብለው ይተያያሉ።

መልስ 8። የጤና ባለሙያዋ በጥቂት ቃል መለሱለት፤ ሁለት ቋንቋ መንተባተብን አያመጣም፣ አያቱን ዛሬውኑ ይመልሱለት።

መልስ 9። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። አንድ አዛውንት የዘመኑን ወላጅ ልፍስፍስ ሲሉ ገሠጹ። እሳቸው በልጅነታቸው ሲንተባተቡ አባታቸው በአለንጋ እየገረፉ አስተካክለዋቸዋል፤ ዛሬ እንደ ማንም ሰው ቀጥ አድርገው የሚናገሩ ናቸው። ልጅ በመዝለል ሳይሆን በመገደድ ይቃናል ብለዋል።

መልስ 10 እና 11። ሁለቱም ተቆጥተው የመጡ ናቸው። ቁጥር 10 በአለንጋ የሚስተካከል አንደበት ቢኖር በጎጃም ምድር የሚንተባተብ አይገኝም ነበር አለ። ቁጥር 11 ከዚያም አልፎ አዛውንቱን ሰደባቸው፤ ስድቡን እዚህ አልደግመውም። አዛውንቱ ተመልሰው የመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለመዳኘት እንዳልመጡ ተናግረው ጽሑፋቸውን አጠፉ። እኔ በሐሳባቸው አልስማማም፤ ልጄን ማንም እንዲመታው አልፈቅድም። ነገር ግን የተገረፈው ልጅ እሳቸው ነበሩ። ስልሳና ሰባ ዓመት ያሳለፈ ሰው የልጅነት አለንጋውን ሲያነሳ በስድብ መመለስ አልነበረብንም።

መልስ 12። ከቢቸና የጻፈች ሴት ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። የሚንተባተቡ ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ እሷን የመሰለች አግኝታ አታውቅም። ሰው የምትንተባተብ መሆኗን ብዙም አያውቅም፤ ምክንያቱም የሚይዛትን ቃል በሌላ ቃል ትለውጠዋለች። ምግብ ቤት ገብታ ጥብስ አምሯት «ጥ» ላይ እንደምትያዝ ስለምታውቅ ሽሮ ታዛለች። እንዲህ እያለች ስንት ዓመት ሽሮ በልታለች። በጾም ቀን እፎይ ትላለች፤ ሁሉም ሽሮ ስለሚያዝ። የማይለወጠው ቃል ግን የራሷ ስም ነው። አንድ ቀን ካርድ ልታወጣ መስኮት ላይ ቆማ ስሟን ሲጠይቋት ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ሲጉረመረም ጊዜ አፏ ላይ የመጣላትን የሌላ ሰው ስም ሰጠች። በዚያ ስም ተጠራች፣ በዚያ ስም መድኃኒት ተጻፈላት። ቤቷ ስትገባ ያለቀሰችው ለበሽታዋ አልነበረም። ልጁ ዛሬ «አቤት» ከማለት ከተዘለለ ነገ ስሙን ከመናገር ራሱ ይዘልላል ብላ ከባለቤቴ ጎን ቆመች።

መልስ 13። በቁጥር 12 ላይ ብዙዎች የሐዘኔታ ቃል እየጻፉ ሳለ አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር መረር ብለው ገቡ። አንድ ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ ይዘው በ40 ደቂቃ ለማን ይደርሳሉ? መጠበቅ ጥሩ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንዱን በጠበቁ ቁጥር 69ኙ ይንጫጫሉ፣ ሳቁም የሚመጣው ያኔ ነው። መምህሩን ብቻ ጥፋተኛ አታድርጉ አሉ። ንግግራቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም እውነት አለው። መምህርን የሚያግዝ ሐሳብ ይዞ የመጣ እስከዚያ ድረስ ማንም አልነበረም።

መልስ 14። ይህ የእኔ ነው። የጤና ባለሙያዋን ጥያቄ ሦስት ቀን ሸሽቼ ቆይቼ መለስኩ። አዎ፣ አባቴ ይንተባተቡ ነበር።

አባቴ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ አርሰው ያሳደጉን ገበሬ ነበሩ። የየማሳውን ወሰን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በአካባቢው አልነበረም። ሽማግሌዎች ለድንበር ክርክር ሲቀመጡ ይጠሯቸዋል፤ ሲናገሩ ግን ሁሉም ቃሉን ከአፋቸው እየነጠቀ ይጨርስባቸዋል። እኔ ደግሞ 10 ዓመት ሲሞላኝ የእሳቸው አፍ ሆንኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ገና ሲጀምሩ እጨርስላቸዋለሁ። ሰዉ ጎበዝ ልጅ፣ ያባቱ ምርኩዝ ይለኛል። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

አንድ ቀን የሁለት ወንድማማቾች ድንበር ከየት እንደሚነሳ ተጠየቁ። ከወ፣ ከወ እያሉ ሲታገሉ እኔ ከወይራው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ፤ ወሰኑ ከወይራው ዛፍ ይነሳል ተባለ። ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው አሁንም ያንኑ ፊደል እንደያዘ ነበር። ከዚያ እጃቸውን እንደ መወርወር አድርገው ተዉት፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሊሉ የፈለጉት ከወንዙ እንደነበር የሰማሁት ማታ ለእናቴ ሲነግሯት ነው። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ከዚያም በኋላ ለሽምግልና ሲጠሯቸው አሞኛል ማለት ጀመሩ።

አገራችን ለአፍ ዳገት የለውም ይላል። ለአባቴ አፍ ግን አንዳንዱ ቃል ጮቄን እንደ መውጣት ነበር፤ እኔም እየወጡ ሳለ ከመንገድ መለስኳቸው። ይህን ስጽፍ የታወሰኝ ደግሞ ትናንት ማታ ነው። ልጄ ራት ላይ ውሃ ሊለምን ው፣ ው ሲል ብርጭቆውን ሞልቼ ሰጠሁት። ጠጣው። በእርግጥ ውሃ ፈልጎ እንደሆነ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

መልስ 15። በዚህ ላይ በቡሬ የሚነግዱ፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው መጡ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የሚንተባተብ ልጅ በቅኔ ቤት እንዴት እንደሚኖር ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እሳቸው ነገሩን።

የመጀመሪያው ፈተና ትምህርቱ አልነበረም፣ ልመናው ነው። አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ ደበሎ ለብሰው፣ ውሻ በሚጮህበት ደጅ ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም ማለት ነበረባቸው። «በ» ላይ ይያዛሉ። ውሻው ይቀርባል፣ የቤቱ ሰው ማነው እያለ ይጮኻል፣ እሳቸው ግን ከንፈራቸው ተገጥሞ ቆመዋል። ብዙ ቀን ባዶ አኩፋዳ ይዘው ተመልሰዋል። አንድ ታላቅ ጓደኛቸው ይህን አይቶ አትናገረው፣ አዚመው አላቸው። በማግሥቱ ልመናውን እንደ ዜማ ሳብ አድርገው ጀመሩት፤ አንድም ፊደል ሳይያዝ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ በልመና ተቸግረው አያውቁም።

ቅኔው ላይ ግን ዜማው አልረዳቸውም። ቀኑን ሙሉ በየጥሻው ቅኔ ሲቆጥሩ ይውሉና ማታ የቆጠሩትን ለየኔታ ይነግራሉ። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ከእሳቸው አፍ እስክትወጣ የሌላው ተማሪ ሥላሴ የምትባለው ረዘም ያለች ቅኔ ታልቃለች። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ቃሉን ገምተው ሲያቀብሏቸው የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። ቅኔው የእሱ ነው፣ ራሱ ያውጣው ማለታቸው ነበር። አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። ሲጨርሱ እርማት ካለ ያርማሉ፤ ስለ መንተባተባቸው አንድ ቀን እንኳን አንስተው አያውቁም። ዛሬ በገበያ ቀን ከመቶ ሰው ጋር ሲነጋገሩ ይንተባተባሉ፤ አያፍሩበትም። ያን ያስተማሯቸው የኔታ እንደሆኑ ጽፈዋል።

መልስ 16። የጤና ባለሙያዋ ዜማውን አስረዱ። ሰው ሲዘፍን ወይም ሲያዜም መንተባተቡ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብም እንዲሁ። ለቁጥር 13 መምህርም ከዚህ የሚገኝ ነገር አለ አሉ፦ ልጁን ለብቻው ከማስነሳት ከወንበር ጓደኛው ጋር አብረው ያንብቡ። ሁሉም ተማሪ በጥንድ ቢያነብ ደግሞ ሰዓትም ይቆጥባል፣ ልጁም ተለይቶ አይታይም።

ከመልስ 17 እስከ 20። ወሬው ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የቡሬውን ነጋዴ የማን ቤት ተማሪ ነዎት ብሎ ጠየቀ፤ ዋሸራ ሲሉ ሌላው የጎንጅን ረቂቅነት አነሳ፤ ሦስተኛው ዋድላን ረስታችኋል አለ። ሁለት ቀን ሙሉ የቅኔ ቤቶች ሙግት ሆነ። በመካከሉ ከባሕር ዳር አንድ ወጣት ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት ስለማይችል ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቆ አብሮ እንደሚወርድና ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ በእግሩ እንደሚመለስ ጽፎ ነበር። በቅኔ ሙግቱ ተውጦ ማንም አልመለሰለትም። ይህ አሳዝኖኛል፤ ስለዚህ እዚህ ደግሜ አነሳሁት። ወንድሜ፣ አንብቤዋለሁ።

መልስ 21። አንድ ተማሪ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በድፍረት ነገረኝ። መንተባተብ የሚጀምረው ከልጁ አፍ ሳይሆን ከወላጁ ጆሮ ነው፤ ስም ባይሰጡት ኖሮ ይጠፋ ነበር፣ አሁን ደግሞ በአደባባይ አወጁበት አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

መልስ 22። የጤና ባለሙያዋ በዚህኛው ተቆጡ። ያ አስተሳሰብ ዌንደል ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ያስፋፋው የቆየ ንድፈ ሐሳብ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የእሱ ተማሪ የነበረች ተመራማሪ በ22 ወላጅ አልባ ልጆች ላይ ሙከራ አድርጋለች፤ ደህና ሆነው የሚናገሩ አንዳንድ ልጆች ተንተባታቢ ናችሁ ተባሉ። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም፤ ነገር ግን ፈሩ፣ አፈሩ፣ መናገር ቀነሱ። ዩኒቨርሲቲው በ2001 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ስለዚህ ወላጅ መንተባተብን አይፈጥርም፤ ማሳፈር ግን ዝምታን ይፈጥራል ብለው ደመደሙ። በዓለም ደረጃ ከ1998 ጀምሮ ኦክቶበር 22፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12፣ ስለ መንተባተብ ግንዛቤ የሚሰጥበት ቀን ሆኖ እንደሚታሰብም ጠቀሱ። የሚካኤል ዕለት ነው። ተማሪው ኋላ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ተቀብያለሁ።

መልስ 23። የቢቸናዋ እህት ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ቁጣ ነበረባት። ሃያ ሁለት መልስ አነበበች፤ አባት ተናገረ፣ እናት ተናገረች፣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ ካህን ተናገሩ። ልጁን የጠየቀ ግን አንድም የለም። ለቁጥር 4ም አሮንን እንዳታመጡብኝ አለች፤ ዕድሜዋን በሙሉ አሮኖች ከበዋት ኖራለች፣ ሁሉም ያልጠየቀቻቸውን ይናገሩላታል። የአባቴን የወይራ ነገር አንብባ አሁን በልጅዎ ላይ ሌላ ወይራ እየተከሉ ነው አለችኝ። ከብዙ መልስ መካከል የመታኝ ይህ ነው።

መልስ 24። የባሕር ዳሩ ቁጥር 1 አልተስማሙም። ልጅ ከተጠየቀ መሸሽን ይመርጣል፤ እሳቸው ቢጠየቁ ኖሮ ከትምህርት ቤትም ይቀሩ ነበር። ቁጥር 12 ደግሞ ይምረጥ፣ ነገ ሐሳቡን መቀየር እንደሚችል ግን ይነገረው ብላ መለሰች። እዚህ ላይ ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት ሕመምተኞች እንደሚነጋገሩ ነበር የተነጋገሩት።

መልስ 25። የእኔ ነው። ጠየቅሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቱና ታናሹ ቀድመውን ነበር። መምህሩ ያሉትን ሁሉ ነገርኩትና አንተስ ምን ትፈልጋለህ አልኩት። ቆመ። እኔም ቆምኩ። አፉ ተከፈተ፣ እግሩ አፈሩን መታ፣ መታ። ምን ሊል እንደሆነ ሦስት ግምት መጣልኝ፤ ሦስቱንም ዋጥኳቸው። አህያ የጫነ ሰው አልፎን ሄደ። ልጄ ዓይኑን ሲገልጥ እኔ አሁንም እያየሁት ነበር፤ ይህ የገረመው መሰለኝ።

ሦስቱም ግምቴ ስሕተት ነበር። መዘለል አይፈልግም። ግን መጀመሪያ የሚጠራው ስም የእሱ እንዳይሆን ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ሲጠራ ክፍሉ ጸጥ ስለሚል ሁሉም ይሰማዋል። ንባቡን ከወንበር ጓደኛው ጋር ይሞክራል። ሌላው ጥያቄው ከመምህሩ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ራት ላይ እየጠበቅሁት መብላቴን እንዳላቆም ነው። ቆሜ ስጠብቀው ይጨንቀዋል።

ሰኞ ከእናቱ ጋር ሆነን መምህሩን አነጋገርናቸው። የቁጥር 16ን ሐሳብ ወደዱት፤ አሁን ክፍሉ በሙሉ በጥንድ ያነባል። ስም ሲጠራም ከ«አቤት» ይልቅ እጅ ማንሳት ለማንኛውም ተማሪ ተፈቅዷል። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ልጆች ሳቁ። ረቡዕ ዕለት ልጄ ተይዞበት እጁን አነሳ፤ ተገኝቷል ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ግማሽ እጁን ነው የሚያነሳው። የእኔ ልጅ ግን አንዳንድ ቀን እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «አቤት» እስኪወጣለት ድረስ እንደሚቆይ መምህሩ ነግረውኛል፤ እሳቸውም እስክሪብቷቸውን ስሙ ላይ አሳርፈው ይጠብቁታል።